ካፊል የሌለው ሙዚቃ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የሂፕ ሆፕ ቡድን ታሪክ ነው። «እኛና ሂፕ ሆፕን ምን አገናኘን? የጎረምሳ ጫጫታ አይደል እንዴ!» የምትል አትጠፋም። እስቲ ጨርሱትና ፍረዱ።

መጀመሪያ ሂፕ ሆፕ ራሱ ከየት መጣ? ኦገስት 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ በሚኖሩበት ፎቅ አዳራሽ ድግስ ደገሰች። ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰው አዲስ ልብስ መግዣ ፈልጋ ነው። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ ዓለም ኩል ኸርክ ብሎ ያውቀዋል። ቤተሰባቸው ከጃማይካ የተሰደደ ነው። ኸርክ ከበሮው ብቻውን የሚመታበትን ቦታ እየመላለሰ አስረዘመው፤ ሰው ጨፈረበት፣ በላዩም በግጥም ይናገሩበት ጀመር። ያ ቀን ዛሬ የሂፕ ሆፕ ልደት እየተባለ ይከበራል። ሲያወሩት የወንድምየውን ስም ያስቀድማሉ እንጂ ድግሱን ያሰበችው የስደተኛ ልጅ፣ ያውም ሴት ናት።

አሁን ወደ እኛዎቹ ልምጣ። ቡድኑ ኮፐርዋየር ይባላል፣ የመዳብ ሽቦ እንደማለት ነው። ሦስት ናቸው። መክሊት ሀደሮ በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ገና ሕፃን ሳለች ከቤተሰቧ ጋር በስደት አሜሪካ የገባች ድምፃዊት ናት። ገብርኤል ቴዎድሮስ ሲያትል ያደገ ራፐር ነው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ስደተኛ ናት። ከዚያ በፊት አቢሲኒያን ክሪዮል በሚባል ቡድን ይሠራ ነበር፤ በ2007 ላቭወርክ የሚል አልበም አውጥቷል። ሦስተኛው ኤልያስ ፉልሞር ነው፣ የመድረክ ስሙ በርንትፌስ፣ ማለትም «የተቃጠለ ፊት»። ግሪኮች ለሀገራችን ሰው ያወጡትን ስም ነው ለራሱ የወሰደው።

እነዚህ ልጆች ኢንዲፔንደንት ናቸው ይባላል። ይሄን ቃል ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ካፊል የላቸውም ማለት ነው። በሙዚቃው ዓለም ትልቁ ኩባንያ ብር ያበድራል፣ ስቱዲዮ ይከፍላል። በምትኩ ብዙ ጊዜ የተቀዳው ዘፈን ባለቤት እሱ ይሆናል፤ ያወጣውን እስኪመልስ ድረስም ለዘፋኙ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የደላላ ዕዳ ስትከፍል ደሞዟን ሳታይ ወራት የሄዱባት እህት ነገሩ ወዲያው ይገባታል። ኮፐርዋየሮች አልበማቸውን ያወጡት በሳን ፍራንሲስኮ ባለ ትንሽ አሳታሚ በኩል ነው። ትልቅ ማስታወቂያ አላገኙም፤ ያሰቡትን ግን አሉ።

በ2011 አብረው ወደ ኢትዮጵያ ሄደው አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ሐረር ተጫወቱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በኤፕሪል 2012፣ ኧርዝባውንድ የተባለው አልበም ወጣ፤ ወደ ምድር ተጓዥ እንደማለት ነው። ታሪኩ በ2089 እ.ኤ.አ. የሚሆን ነው። ሦስት መንገደኞች በተሰረቀ መንኮራኩር ጠፈር ሲያቋርጡ ቆይተው መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ ያርፋሉ፣ ራሳቸውንም እዚያ ያገኛሉ። የከዋክብት ብርሃን ልኬት ወደ ድምፅ ተቀይሮ ሙዚቃው ውስጥ ገብቷል። እኔ ልብሱን ስተኩስ ነው በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው። እንግሊዝኛው ሁሉ አይገባኝም። «ከየት ነሽ?» ሲሉሽ መልሱ የሚከብድ ሰው ሙዚቃ መሆኑ ግን ይገባኛል።

እውነቱን እንነጋገር። እነሱ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ነው፤ መክሊት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች፤ በፈለጉት ቀን ይሰባሰባሉ። እዚህ ዛኸር ሁለት ግቢ አልፋ ያለችውን እህቷን ወር ሙሉ የማታገኝ አለች። የ2022ቱ የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይሰጣል፤ ፓስፖርታችንም በእጃችን እንዲሆን ይላል። ሁሉም ቤት ግን ይሄን አይፈጽምም። ስለዚህ «እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን» ብዬ አላታልላችሁም።

እኔ ከእነሱ የምወስደው ሌላ ነው። መክሊት በዚያው 2011 ከአንድ ግብፃዊ ጋር የናይል ፕሮጀክትን መሠረተች፤ የዓባይ አገሮች ሙዚቀኞች አንድ ላይ የተጫወቱበት ነው። ስለ ስደትና ሙዚቃም ታሪክ እየሰበሰበች ታሰማለች። ሥራው እንዳይጠፋ ስምና ቀን ይዞ ይቀመጣል።

የእኛስ? ወጥ እያማሰልን የምናንጎራጉረው፣ በስልክ ድምፅ ቀድተን የምንላላከው ግጥም ስንት ነው! ፉከራም እንጉርጉሮም አለበት፣ ሰምና ወርቁም ሞልቷል። ስልኩ ሲሰበር ወይ ቤት ስንቀይር አብሮ ይጠፋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ አል ዓይን የሐበሻ ሴቶች የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ምን ያገኛል? የሲንዲ ድግስ ዛሬ የሚወራው በእጇ የጻፈችው የጥሪ ካርድ ስላለ ጭምር ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ዋጋው ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

እናም እህቶቼ፣ ግጥም ያላችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። ቀኑን፣ ከተማውን ጨምሩበት፤ ስም ማስፈር ብትፈሩ የእናታችሁን ስም ጻፉ። ስትመቻችሁ ለዚህ መጽሔት ላኩት።