ትንበያ

«ተነበየ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም፤ የነቢይ ዘመድ። ዛሬ ግን ከአየር ጠባይ አልፎ ሆቴል ቤት ገብቷል። እዚያ ትርጉሙ በመጪው ወር ስንት አልጋ እንደሚያዝ አስቀድሞ ማስላት ነው። አንዱ መነሻ እንግዶች እንደ ትሪፕአድቫይዘር ባሉ ገጾች የሚተዉት አስተያየት ነው፤ ብዛቱ፣ የሚሰጠው ኮከብና የሚደጋገመው ቅሬታ ከአልጋ መዝገቡ ጋር ይነጻጸራል።

ጎንደር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ለከተራና ለጥምቀት ሕዝቡ ወደ ቀሐ፣ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ክፍል እንደሚጠፋ ለማወቅ ኮምፒውተር አያሻም፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከመመዝገቡ በፊትም ያው ነበር። አስተያየቱ ደግሞ የሚጻፈው እንግዳው ከሄደ በኋላ ስለሆነ፣ የጥር ግርግር የካቲት ላይ ፍላጎት መስሎ ይታያል። ከወገራ ወይም ከደምቢያ መጥቶ ፔንሲዮን የሚያድረው ምዕመንማ ኮከብ የሚባል ነገር አይሰጥም፤ በስልክ ይይዛል፣ ሲከፋው በረንዳ ላይ አማሮ ይሄዳል። ነሐሴ 2015 ከተማዋ ውስጥ የገባውን ውጊያም የትኛውም የእንግዳ ምስጋና አልተነበየም።

እኔ «ግምት» ብለው ይሻለኛል። ጥቅሙም ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ላይ ነው፦ የአንገረብ ግድብ ውኃ በማይበቃት ከተማ ሦስት እንግዳ ስለ ደረቀ ሻወር ከጻፈ፣ ባለ ሆቴሉ ከጥር በፊት ሮቶ ይጨምር።