ከምልክቱ ባሻገር፦ የፈረንሳይ ፖርሴሊን በቤይሩት ሳሎኖች

በቤይሩት ነባር ቤቶች የሚታየውን የፈረንሳይ ፖርሴሊን ከ1920 እስከ 1943* ከዘለቀው የፈረንሳይ ሞግዚት አስተዳደር ጋር ብቻ ማያያዝ ያሳስታል። የሊባኖስ ተራራ ሐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፈረንሳይዋ ከተማ ሊዮን ይጫን ነበር፤ እንደ ሱርሶክ ያሉ ነጋዴ ቤተሰቦችም በቤይሩቱ አሽራፊዬ ሰፈር ትልልቅ ቤቶች አሠርተው በአውሮፓ ዕቃ አስጊጠዋቸዋል።

ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚያየው ከዕቃው ሥር ያለውን የፋብሪካ ምልክት ነው። ምልክት ግን ይዋሻል። በ1740 በቫንሴን ተመሥርቶ በ1756 ወደ ሴቭር የተዛወረው ፋብሪካ የተጠላለፉ ሁለት «ኤል» ፊደላት ይጠቀም ነበር፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አስመሳዮችም ይህንኑ ያለ ይሉኝታ ገልብጠውታል። በ1845 ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመው የሳምሶን ድርጅት የድሮ ዕቃ ቅጂ መሥራትን ሙያው አድርጎ ነበር። ስለዚህ በቤይሩቱ ባስታ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚዞር አዋቂ የፖርሴሊኑን ገላ ይመረምራል። የቀድሞው ሴቭር ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ አፈር የሌለበት ለስላሳ ገላ ነበረው፤ በቀላሉ ይጫራል፣ ቀለሙም መስታወት ወደሚመስለው ሽፋኑ የሰመጠ ይመስላል። ጠንካራው ገላ የመጣው በ1768 ሊሞዥ አጠገብ በሴንት ኢሪዬ ካኦሊን ከተገኘ በኋላ ነው።

የፖርሴሊን ምሁራን የዘነጉት ግን ዕቃውን የሚያብሰውን እጅ ነው። በቤይሩትና በዳርቻዎቿ ይህ እጅ ለዓመታት ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያዊት ነበር። ስኒን በጆሮው አንጠልጥሎ ሳይሆን ከሥሩ ደግፎ ማንሳት፣ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ወርቁን አለመፈተግ፤ ይህ በሙዚየም ቢሆን ሙያ ይባላል። በአሠሪዋ በ«ማዳም» ቤት ግን ተራ ጽዳት ነው፤ የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም።

በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት ዳርቻ ሃዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለው ሄዱ። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ወደቡ ሲፈነዳ በቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም 74 ጥንታዊ የብርጭቆ ዕቃዎች የያዘ መደርደሪያ ወደቀ። ከተሰባበሩት ስምንቱ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ተጠግነው የጥገናው ሥራ ራሱ በዐውደ ርዕይ ቀረበ። ተገቢም ነው፤ ጥገና ግን ክብር ካገኘ ዕቃውን ለዓመታት ከመሰበር ያዳነ እንክብካቤ የማያገኝበት ምክንያት የለም።

የቤይሩት ፖርሴሊን ስብስቦችን ካታሎግ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከገዢና ከሻጭ ስም ጎን የተንከባካቢዎቹንም ቢመዘግቡ ይበጃል። ከቤይሩት የተመለሱ ሴቶች ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ ቃላቸውን መቀበል ከዚህ መጀመር ይችላል።

*ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።