ደሴ ላይ የተፈረመው ቴሌግራም

ከኩታበር ደሴ በቦሩ ሜዳ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኩታበር ሰው ሕመሙ ሲጠናበት፣ ምጥ ሲበረታ ወደ ደሴ የሚገሰግስበት መንገድ ይኸው ነው። በጦርነት ጊዜ ሐኪም ቤት አይነካም የሚለው ሕግ በአገራችን ክፉኛ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱም ይህችው ደሴ ናት።

ዕለቱ ዓርብ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠፈራቸውን ወደ ደሴ ካዛወሩ ገና ቀናት ቢሆናቸው ነው። ከተማዋ በክተት ሠራዊት፣ በስንቅ አጋሰስና በውጭ ጋዜጠኞች ተጨናንቃለች። የጣሊያን አውሮፕላኖች ማለዳ መጥተው ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ አወረዱባት። የሣር ክዳኑ ጎጆ ተያያዘ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን የሚያስተዳድረው ተፈሪ መኮንን ሆስፒታል፣ የቀይ መስቀል ምልክቱ እየታየ፣ ተመታ። ያን ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። ካልፈነዳ ቦምብ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው የተነሡት ፎቶግራፍም የደሴ ነው። ዓለም ያን ፎቶግራፍ እያየ ተደነቀ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከልዩ ልዩ አገር መጥተው እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው፣ በየስማቸው ፈርመው፣ የተቃውሞ ቴሌግራም ወደ ጄኔቭ ላኩ።

ሕጉ በወረቀት ላይ ሙሉ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ማለትም ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። የሥራውን ሸክም የተሸከመው ቶማስ ላምቢ የተባለ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነት የወሰደ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም ነበር። አገሪቱም የቁስለኞችን የጄኔቭ ስምምነት ያኔውኑ ተቀበለች። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) ፕሮቶኮል ደግሞ ጣሊያን ካጸደቀችው ሰባት ዓመት አልፏት ነበር።

ሙሶሊኒ ግን ታኅሣሥ 18 ቀን ለጦር አዛዡ ለባዶልዮ ጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም ፈቀደለት። ከሁለት ቀን በኋላ በደቡብ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ። የካቲት 25 ቀን ተራው የእንግሊዞቹ አምቡላንስ ቡድን ሆነ። ኮረም ሜዳ ላይ ድንኳናቸውን ተክለው፣ ትልቅ የቀይ መስቀል ምልክት መሬት ላይ ዘርግተው ሳለ ቦምብ ወረደባቸው። ጣሊያን ምልክቱ የሠራዊት መደበቂያ ሆኗል ብላ መለሰች። የዚያ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ከኮረም በሕይወት ወጣ፤ የሞተው ንጉሡ ከአዲስ አበባ በወጡ ሰሞን፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሲያነሣ ከዘራፊዎች በአንዱ ጥይት ነው። ይህንን ስንተርክ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ ማርሴል ዡኖ ኮረም አካባቢ ቆዳቸው በጋዝ የተላጠ ሰዎችን በዓይኑ አይቷል። በሚያዝያ የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ ያላችሁን ማስረጃ ስጡን ሲል ጠየቀ፤ በማክስ ሁበር የሚመራው ኮሚቴ ግን ገለልተኛነቴን ያጎድፍብኛል ብሎ እንቢ አለ። ምክንያቱ ይገባኛል። የሚያየውን ሁሉ አደባባይ የሚያወጣ ድርጅት እስር ቤት በር ላይ ይቀራል፤ እስረኛውም ጠያቂ ያጣል። ነገር ግን በ1928 ዝምታው የተመዘነው በእስረኛ ጥቅም ብቻ አልነበረም፤ ከኃያል መንግሥት ጋር ላለመቀያየም የመሻት ነገርም ነበረበት። ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ደሴ ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ የጦር አዛዦቹን ባዶልዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ጣሊያናውያንን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች፤ በዚህ ክስ ግን አንዱም ለፍርድ አልቆመም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በ60 ዓመቱ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነት ዳግም ወደ ደሴ ተጠጋ፤ በኩታበርም ውጊያ ነበር። ተፈናቃዩ አስቀድሞ ደሴ ሞልቷል፤ ኋላም ደሴ ራሷ ሸሸች። ኅዳር 27 ቀን ከተማዋ በመንግሥት ጦር ተመልሳ ስትያዝ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1928ቱ ድብደባ ጋር አንድ ቀን፣ ዲሴምበር 6፣ ይውላል) የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ተገኘ። ለጋዜጠኞች የጎደለውን እየዞሩ ያሳዩት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነበሩ።

ይህ ጦርነት በአንድ አገር ልጆች መካከል ስለነበር ሕጉ አይመለከተውም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አራቱ የ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 የተጻፈው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፦ መሣሪያ ያልያዘ፣ እጁን የሰጠ፣ የቆሰለ አይገደል፣ አይሰቃይ፤ ቁስለኛ ይነሣ፣ ይታከም። መንግሥትንም መሣሪያ ያነሣበትንም እኩል ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን ያጸደቀችው መስከረም 22 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር መረብን በተሻገረ በ34ኛ ዓመቱ፣ በዕለቱ። አንቀጹ ጦርነት ታውጇል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጣሊያንም በ1928 ጦርነት አላወጀም ነበር።