ወቅፍ የአላህ ነው፣ ጥበቃው ግን የሰው፦ ከላሆር እስከ አጅሜር ሁለት የፍርድ ታሪኮች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር እንወስዳችኋለን። የምናወጋችሁ ስለ ጦር ሜዳ ወይም ስለ ንጉሥ ዙፋን ሳይሆን ስለ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። አንደኛው መዝገብ ስለ አንድ መስጂድ ይዞታ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ትልቅ የወቅፍ ሀብት ላይ ስለሚሾም ሰው። ሁለቱም ጉዳዮች ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሚሊዮን ሙስሊሞችን አነጋግረዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ መጨረሻው አብራችሁን ዝለቁ፤ ነገሩ ለኛም የሚነግረን አለው።

🔹 መነሻው፦ የኸይበሯ መሬት

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ላድርገው ብለው የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። በተሰጣቸው ምክር መሠረት መሬቱ ላይሸጥ፣ ላይሰጥ፣ ላይወረስ ታሰረ፤ ፍሬው ግን ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ሆነ። መሬቱን የሚያስተዳድረው ሰውም በልኩ እንዲበላ እንጂ ሀብት እንዲያካብትበት አልተፈቀደለትም። የወቅፍ ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው። ንብረቱ ከሰው እጅ ወጥቶ የአላህ ይሆናል፤ ሙተወሊው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ሙስሊሞች ሕንድን በገዙባቸው ዘመናት ቃዲዎች ይህን ሕግ እያወቁ ይፈርዱ ነበር። እንግሊዞች ሲመጡ ግን የመጨረሻው ይግባኝ ለንደን ወደሚገኘው ፕሪቪ ካውንስል ሄደ። ይህ ችሎት በ1894 በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ሰው ለልጅ ልጆቹ ጥቅም ብሎ ያሰረውንና ዘሩ ሲያልቅ ብቻ ለድሆች የሚተላለፈውን ወቅፍ ዋጋ አሳጣው። ለቤተሰብ መስጠት ሰደቃ መሆኑን ዳኞቹ ሊረዱት አልቻሉም። የሕንድ ሙስሊሞች ለዓመታት ተሟገቱ፤ ሙሐመድ ዐሊ ጂናህ ያቀረቡት ረቂቅ በ1913 ሕግ ሆኖ ያን ፍርድ ቀለበሰው።

በ1921 ደግሞ በዚያው ችሎት የተቀመጡት ሙስሊሙ ዳኛ ሰይድ አሚር ዐሊ አንድ ወሳኝ ነጥብ አስቀመጡ። በወቅፍ ባለቤትነቱ ወደ አላህ ይሸጋገራል፤ ሙተወሊ የሚባለው ሰው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በእንግሊዝ ሕግ እንዳለው ባለአደራ ንብረቱ በስሙ አይዞርም አሉ። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

🔹 ላሆር፦ መስጂዱ ከሳሽ የሆነበት ክስ

በላሆር ከተማ ፋላክ ቤግ ኻን የተባሉ ሰው ያሠሩት መስጂድ ነበር። በ1722 በጽሑፍ ወቅፍ ተደርጎ ሙተወሊዎችም ተሰይመውለታል። ይሁን እንጂ በዚያው ክፍለ ዘመን የሙጋሎች ኃይል ተዳክሞ ሲኮች ፑንጃብን ተቆጣጠሩ። በ1762 አካባቢ መስጂዱም ግቢውም በሲኮች እጅ ገባ። ሲኮች ቦታውን ሰማዕቶቻችን የተገደሉበት ነው ብለው ያከብሩታል፤ ሸሂድ ጋንጅ የሚለው ስምም ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ልብ ውስጥ ቁስል ነበረ።

እንግሊዞች በ1849 ፑንጃብን ሲይዙ ቦታው አሁንም በሲኮች ይዞታ ሥር ነበር። በ1850ዎቹ ኑር አሕመድ የተባሉ ሰው የመስጂዱ ሙተወሊ ነኝ ብለው አቤት ቢሉም አልተሳካላቸውም። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ ነው የሚባል ክስ አልቀረበም። በ1925 የሲኮች ጉርድዋራዎች ሕግ ሲወጣና የቦታው ጉዳይ ለልዩ ችሎት ሲቀርብ የሙስሊሞች ማኅበር እንደገና ጠየቀ፤ ያም ውድቅ ሆነ።

በሐምሌ 1935 የመስጂዱ ሕንፃ ፈረሰ። ላሆር ተናወጠች፤ ሰልፍ ተወጣ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ጂናህ ራሳቸው ለማስታረቅ ወደ ከተማዋ መጡ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሙስሊሞች ክስ መሠረቱ። ከከሳሾቹ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም፤ መስጂዱ ራሱ ነበር! ጠበቆቹ እንዲህ ሲሉ ተከራከሩ፦ መስጂድ እንደ ሰው መብት ያለው አካል ነው፤ ወቅፍ ዘላለማዊ ስለሆነ በይርጋ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ሙስሊምም እዚያ የመስገድ የራሱ መብት አለው።

ክሱ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ወደቀ። በላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1938 በአብላጫ ድምፅ ጸና፤ ዳኛ ዲን ሙሐመድ ብቻቸውን በሐሳብ ተለዩ። በመጨረሻም ፕሪቪ ካውንስል በግንቦት 2 ቀን 1940 በዳኛ ጆርጅ ራንኪን በኩል ፍርዱን አሰማ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ዳኞቹ ይህ መስጂድ አልነበረም አላሉም። ወቅፍ መደረጉንም አልካዱም። ያሉት ሌላ ነው። በእንግሊዝ ሕንድ የይርጋ ሕግ አለ፤ ሕጉ ወቅፍን ለይቶ አላስቀረም፤ ሌላ ወገን በይፋ እንደ ባለቤት ይዞት 12 ዓመት ካለፈ ንብረቱን የመጠየቅ መብት ያበቃል። መስጂዱ እንደ ሰው ሊከስ አይችልም አሉ። የንብረቱ መብት ከጠፋ ደግሞ በዚያ የመስገድ መብትም አብሮት ይጠፋል ብለው ደመደሙ።

በአጭሩ፣ የወቅፉ እውነትነት ታምኖ ክሱ ግን በጊዜ ተሸነፈ። በሸሪዓ ዓይን ያ ቦታ ምንድን ነው የሚለውን ዑለማዎች ይመልሱታል። የመንግሥት ፍርድ ቤት የጠየቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» በሲኮች አገዛዝ ዘመን መጠየቅ የማይቻል ነበር ብንል እንኳ፣ ከ1850ዎቹ በኋላ ላለፉት አሥርት ዓመታት አጥጋቢ መልስ አልተገኘም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1947 ሕንድ ስትከፈል ላሆር የፓኪስታን ሆነች። ብዙዎች ቦታው ወዲያው መስጂድ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። የሙስሊሞቹ መንግሥት ግን የተሰጠውን ፍርድ አክብሮ ቦታውን ወደ መስጂድ አልመለሰውም።

🔹 አጅሜር፦ ሹመት ይወረሳል?

አሁን ወደ ራጃስታን እንሻገር። አጅሜር በ1236 ያረፉት የኸዋጃ ሙዒኑዲን ቺሽቲ ቀብር የሚገኝባት ከተማ ናት። ስለ ቀብር ዚያራ ሑክም ዑለማዎች የሚሉት አለ፤ የኛ ርዕስ እሱ አይደለም። የምናወራው በዙሪያው ስለተሰበሰበው የወቅፍ ሀብትና በላዩ ስለተሾሙት ሰዎች ነው። ንጉሥ አክበር በ1567 ለደርጋው 18 መንደሮችን ወቅፍ አደረገ። ልብ በሉ፣ መንደሮች! ግብራቸውም ገቢያቸውም ለዚያ ስፍራ ነው።

እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት ሦስት ዓይነት ሰዎች ይቆማሉ። አንደኛው የኸዋጃው ዘር ነኝ የሚለውና በመንፈሳዊ ወንበራቸው የሚቀመጠው ሰጃዳ ነሺን ነው። ሁለተኛው ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሙተወሊ ነው። ሦስተኛዎቹ ዘር በዘር ስፍራውን የሚያገለግሉት ኻዲሞች ናቸው። ጎብኚ የሚያስቀምጠው ገንዘብ የማን ነው በሚል ሰጃዳ ነሺኑና ኻዲሞቹ ተካሰው ጉዳዩ በ1938 ለንደን ድረስ ደርሷል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሌላ ክርክር እዚያው ችሎት ቀረበ። አንድ ወገን የሙተወሊነት ሹመት የቤተሰባችን ርስት ነው አለ። ዳኞቹ ስሜትን ትተው የሹመት ወረቀቶችን አገላበጡ። ከሙጋሎች ዘመን ጀምሮ ሙተወሊዎቹን ማን ሾማቸው? ማንስ ሻራቸው? መልሱ ከመዝገቡ ወጣ፦ የዘመኑ መንግሥት። ስለዚህ ሹመቱ በዘር የሚተላለፍ አይደለም ተብሎ ተፈረደ።

የ1921ን ነጥብ አስታውሱ፤ ሙተወሊ ሥራ አስኪያጅ ነው። የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ አስተዳዳሪ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1951 በሰጠው ፍርድ፣ በዚያ ሹመት ውስጥ ሥራና ንብረት ተቀላቅለዋልና ይወረሳል፤ የሟች ሚስትም ልትወርሰው ትችላለች አለ። የኛው ወቅፍ እንዲህ ያልሆነው ኸይበር ላይ በተጣለው መሠረት የተነሳ ነው። አስተዳዳሪው አማና ተሸክሟል፤ አማና ደግሞ እንደ በሬና እንደ ማሳ ለልጅ አይተላለፍም።

ከ1947 በኋላ ነገሩ ተወሳሰበ። ሰጃዳ ነሺኑ ወደ ፓኪስታን ሄዱ። መንግሥት በዳኛ ጉላም ሐሰን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው በ1949 ሪፖርቱን አቀረበ። በ1955 ደግሞ የደርጋው ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ንብረቱን የሚያስተዳድረው ከ5 ያላነሱ ከ9 ያልበለጡ አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። አባላቱ ሁሉ ሐነፊ ሙስሊሞች ይሆናሉ፤ የሚሾማቸው ግን ማዕከላዊው መንግሥት ነው።

ኻዲሞቹ ከሰሱ። «እኛ የቺሽቲያ ወገን ነን፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ንብረታችንን ራሳችን እንድናስተዳድር መብት ይሰጠናል» አሉ። የራጃስታን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንዳንዶቹን የሕጉን አንቀጾች ሻረላቸው። መንግሥት የሾመው ኮሚቴ ግን ይግባኝ አለ። በመጋቢት 17 ቀን 1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ጋጀንድራጋድካር በኩል ፍርዱን ገለበጠ።

ምክንያቱ ታሪክ ነበር። አንቀጽ 26 ያለን መብት ይጠብቃል እንጂ ያልነበረን መብት አይፈጥርም፤ የጠፋንም አያስነሳም አሉ። መዝገቡ ሲታይ ንብረቱን በመቶ ዓመታት ውስጥ ያስተዳደሩት በመንግሥት የተሾሙ ሰዎች እንጂ ኻዲሞቹ ወይም ቺሽቲያ የተባለ ወገን አልነበሩም። ስለ ገንዘቡም ለዩት፦ ለደርጋው ተብሎ የተሰጠው ለደርጋው ነው፤ አንድ ሰው ለኻዲሙ በግሉ የሚሰጠውን ግን ሕጉ አይነካም።

ይህ ፍርድ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የድሆች ሐቅ የቤተሰብ ርስት እንዳይሆን ከለከለ። በሌላ በኩል ግን በር ከፈተ። ትናንት ንጉሥ በጉልበቱ የወሰደውን የመሾም ሥልጣን ዛሬ የሚመጣው መንግሥት ሁሉ «ድሮም የኔ ነበር» ሊል ይችላል። ዳኛው በዚያው ፍርድ ላይ የትኛው ልማድ የሃይማኖቱ መሠረት እንደሆነ ፍርድ ቤት ይመረምራል ማለታቸውም የሕግ ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

🔹 ከዚያ ወዲህ

ሕንድ ከሸሂድ ጋንጅ የተማረችው ነበር። በ1954 የወቅፍ ሕግ ወጥቶ ወቅፎች እንዲመዘገቡና ቆጠራ እንዲደረግባቸው ታዘዘ። በ1947ቱ መከፋፈል ብዙ ሙስሊሞች ሲሰደዱ ወቅፎቻቸው በሌሎች ስለተያዙ፣ በ1959 የይርጋው ጊዜ በልዩ ሕግ ተራዘመ። የ1995ቱ ሕግ ደግሞ ወቅፍን ለማስመለስ የሚቀርብ ክስ በይርጋ እንዳይታገድ አደረገ። በ2025 የወጣው ማሻሻያ ግን ያንን ከለላ አነሳው። የ1940ው ጥያቄ ዛሬም በሕንድ ሙስሊሞች ደጃፍ ቆሟል ማለት ነው።

🔹 እኛስ?

ከላሆር የምንማረው፣ እውነት ብቻውን መዝገብ እንደማይሆን ነው። ከአጅሜር የምንማረው ደግሞ፣ አገልግሎት ዘመን ሲቆጠርበት ባለቤትነት መምሰል እንደሚጀምር ነው። ሁለቱም በሽታዎች የሚታከሙት በሰላሙ ጊዜ ነው፤ ክርክር ከተነሳ በኋላ የሚገኝ ወረቀት ጥቂት ነው።

እስቲ በየምንሰግድበት መስጂድ እንጠይቅ። መሬቱ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በአንድ ደግ ሰው ስም ከሆነ፣ እሳቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ ወራሾቻቸው ምን ይላሉ? ወቃፊው ሱቁን ወይም ቤቱን ሲሰጡ የተናገሩት ተጽፎ ምስክር ፈርሞበታል? ኮሚቴው እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚወርድ የተጻፈ ደንብ አለ? ገቢና ወጪው በጀመዓው ፊት የተነበበው መቼ ነው? ይህን መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) እንኳ የራሳቸውን ወቅፍ ሁኔታ ጽፈውና አስተዳዳሪውን ሰይመው ነው ያለፉት።

ወቅፍ የአላህ ነው። የምንጠየቀው ግን እኛ ነን።

አላህ አማናን ከሚወጡት ያድርገን፤ ለዲናችን ንብረታቸውን ላሰሩ ሁሉ ምንዳቸውን አያቋርጥባቸው። አሚን!

ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉ ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ ይጠቅማል ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው።