የዘረመል ልዩነትና የመድኃኒት ፈዋሽነት በኢትዮጵያ

አንድ ዓይነት መድኃኒት በእኩል መጠን የወሰዱ ሁለት ሕሙማን የተለያየ ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ። ለዚህም አንዱ ምክንያት መድኃኒትን በጉበት ውስጥ የሚለውጡ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩ ዘረመሎች ከሰው ሰው የሚለያዩ መሆናቸው ነው።

ሲዋይፒ2ዲ6 የተሰኘው ዘረመል ለዚህ አብነት ነው። ብዙ ሰዎች ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ቅጂ ሲወርሱ፣ አንዳንዶች ግን ተጨማሪ ቅጂዎች አሏቸው። ቅጂው ሲበዛ የሚመረተው ኢንዛይም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ይፋ ያደረጉት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ ያህሉ ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አመልክቷል። በስዊድን የዚህ መጠን ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው።

ይህ ኢንዛይም የሕመም ማስታገሻውንና የሳል መድኃኒቱን ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ተጨማሪ ቅጂ ባላቸው ሰዎች ሞርፊኑ በፍጥነትና በብዛት ስለሚፈጠር በተለመደው መጠን እንኳ አተነፋፈስን ሊያውክ ይችላል። የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ጥቅም ላይ እንዳይውል ያገደው ይህን ስጋት መነሻ በማድረግ ነው።

የተገላቢጦሹም ይታያል። ሲዋይፒ2ቢ6 በተባለው ዘረመል ላይ የሚከሰት አንድ ለውጥ የኢንዛይሙን ምርት ይቀንሳል። በዚህም የተነሳ ቀደም ሲል ለኤች አይ ቪ ሕክምና በስፋት ይሰጥ የነበረው ኢፋቪሬንዝ በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል።

ይሁንና ሁሉም ነገር በዘረመል ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፣ ተመሳሳይ ዘረመል ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል በሀገር ውስጥ የሚኖሩት የሲዋይፒ2ዲ6 ኢንዛይም አቅም በስዊድን ከሚኖሩት ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህም የአካባቢ ሁኔታ ተጽዕኖ እንዳለው ያመለክታል።

የጉዳዩ ፋይዳ በቤተ ሙከራ የሚወሰን አይደለም። በማዕከል የሚሰጥ የመድኃኒት ውሳኔ በሀዲያ ዞን እስከ ሞርሲቶና መሰል ከተሞች ድረስ ያለውን ታካሚ ይነካል። የዘረመል ምርመራ በየጤና ጣቢያው በማይሰጥበት ሁኔታ ደግሞ የመድኃኒት ምርጫ ሀገራዊ መረጃን መሠረት ማድረጉ፣ ባለሙያዎችም ያልተጠበቀ የጎንዮሽ ጉዳትን መዝግበው ማሳወቃቸው የኅብረተሰቡን ደኅንነት ለመጠበቅ ወሳኝ ነው።