ትናንሽ አይሮፕላኖችና ትላልቅ ተራሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚበር መንገደኛ በመስኮቱ ቁልቁል ቢመለከት ብዙም ሳይቆይ የመንዝን ምድር ያያል። ከላይ ሲታይ ሰፊ ጠረጴዛ ይመስላል፤ ጠርዙ ግን በስለት የተቆረጠ ነው። በምዕራብ በኩል የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ይገምሱታል። በምሥራቅ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ደጋው በድንገት ያልቅና ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ቆላ ይዘረጋል። የጓሳ ሜዳ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተኛ ነው። ቀየትን፣ ግሼን፣ መርሐ ቤቴን የሚያውቅ ሰው በክረምት ጧት ገደሉን እየዳሰሰ ሽቅብ የሚወጣውን ጉምም ያውቀዋል። የአገሩ ሰው በዚያ ሰዓት አህያውን ጭኖ ገደል አይወርድም። ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቃል፤ ገበያው ቢያመልጠውም ይጠብቃል።

ተራራና ጉም ለእግረኛ እንዲህ ከሆኑ፣ በሰዓት ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ለሚምዘገዘግ ትንሽ አይሮፕላን ምን ይሆኑ? የአገራችን ደጋ አብዛኛው ክፍል እንደ መንዝ በተራራና በሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ የትናንሽ አይሮፕላኖቻችን ታሪክ ከዚህ መልክዓ ምድር ተነጥሎ ሊነገር አይችልም። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ማለፍ ልማዳችን ነው። ቃሉ ሐዘንተኛን ያጽናና ይሆናል። ነገ በዚያው መንገድ ለሚበረው ሰው ግን አንዳች አይጠቅመውም። ስለሆነም ጥቂት የታወቁ አደጋዎችን እያነሳን መንስኤያቸውን እንመርምር።

ባሕር ዛፍ ላይ የቀረችው አይሮፕላን

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሣይ ሥሪት ስትሆን፣ ከጅቡቲ አብርሮ ያመጣት አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሣዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዓመት ጥቂት ወራት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከተማው የአይሮፕላን ስብርባሪም አየ።

ጊዜው ጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን ሊከበር ሽርጉድ ይባላል። በኒው ዮርክ ሐርለም «ጥቁሩ ንስር» በሚል ስም የታወቀው ትሪኒዳድ ተወላጅ ሁበርት ጁልያን ቀደም ሲል በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በጃንጥላ ከሰማይ ወርዶ ሞገስ አግኝቶ ነበር። ለበዓሉ ልምምድ በሚደረግበት ጊዜ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ የተባለች ቀላል አይሮፕላን ሳይፈቀድለት አስነሣና ባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። ነፍሱ ተረፈች፤ የቤተ መንግሥቱ ሞገስ ግን አልተረፈም። በዓሉን ሳያይ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ጁልያን ጥፋቱን በሞተሩ አሳቧል። በርግጥም የአዲስ አበባ አየር ለትንሽ ሞተር ወዳጅ አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል፤ ክንፉን ደግፎ የሚይዘው አየርም እንደዚያው። 3000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት አይሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ሽቅብ የሚወጣው በዝግታ ነው። ፀሐይ ሲከር ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ ዛፍን በቀላሉ የሚዘል አይሮፕላን እዚህ ዛፍ ላይ ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ አስልቶ ጭነቱን መቀነስ ወይም ጧት በብርዱ መነሣት የአብራሪው ፋንታ ነው። ተራራው ከፍታውን አይደብቅም።

የምሕረት ጉዞ

ከጁልያን ቀጥሎ የመጣው ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ፍጹም የተለየ ሰው ነበር። በ1927 ዓ.ም. መጥቶ የትንሿ አየር ኃይላችን አዛዥ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ እዚያው ነበር። በጦርነቱ ወራት መሣሪያ ባልታጠቀች አይሮፕላን በአዲስ አበባና በጦር ግንባር መካከል መልእክት እያመላለሰ ከጠላት አምልጧል። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራ አስተምሯል።

ጦርነቱ ያልገደለውን ሰው የገደለው ሰላማዊ በረራ ነው። መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ስቲንሰን ኤል 5 በምትባል ትንሽ አይሮፕላን ከአንድ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ጋር ሲበር ወደቀ። ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት የያዘው ጭነት ለሕመምተኛ የሚደርስ ደም ነበር። መሐንዲሱ ሞተ፤ ሮቢንሰንም በደረሰበት ጉዳት መጋቢት 18 ቀን አረፈና አዲስ አበባ ጉለሌ ተቀበረ።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ አንዱ ለታይታ ተነሣ፣ ሌላው ለምሕረት። ነገር ግን አየሩ የበጎ ሰው ጉዞ ነው ብሎ አይወፍርም፤ ተራራውም ገለል አይልም። በአውሮፓና በአሜሪካ ትንሽ አይሮፕላን ብዙ ጊዜ የባለጸጋ መዝናኛ ነው። በእኛ አገር ግን መንገድ ወደሌለበት ሥፍራ መድኃኒት፣ እህልና ሐኪም ማድረሻ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ አደጋው ከዚህ መልካም ሥራ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ለመዝናናት የወጣ ሰው ደመና ሲያይ ቢመለስ ማንም አይወቅሰውም። ሕመምተኛ ወይም ረሃብተኛ የሚጠብቀው አብራሪ ግን «ዛሬስ አልሄድም» ለማለት አፉ እንዴት ይፈታለታል?

ነሐሴ 1 ቀን 1981

ቦሌ አካባቢ የሚመላለስ የአዲስ አበባ ሰው ሚኪ ሌላንድ የተባለውን መንገድ ያውቀዋል። ሌላንድ ከቴክሳስ የተመረጠ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሲሆን፣ የረሃብን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ ሰው ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ ጋምቤላ ውስጥ ፉኝዶ የሚገኙትን ሱዳናውያን ስደተኞች ሊጎበኝ ከአዲስ አበባ ተነሣ። የተሳፈረው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በነበረች ትዊን ኦተር አይሮፕላን ነው። ተሳፋሪዎቹ ከአብራሪዎቹ ጋር 16 ነበሩ። አይሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም።

ፍለጋው ስድስት ቀን ፈጀ። የደርግ መንግሥትና ዋሽንግተን በማይዋደዱበት ዘመን የአሜሪካ አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሌት ተቀን አሰሱ። በመጨረሻም ስብርባሪው በወለጋ ደምቢዶሎ አካባቢ ከተራራ ጎን ላይ ተገኘ። የተረፈ አልነበረም።

ትዊን ኦተር ደካማ አይሮፕላን አይደለችም። ሁለት ሞተር ያላት፣ በአጭር ሜዳ ተነሥታ በአጭር ሜዳ የምታርፍ፣ ለእንደኛ ዓይነት አገር የተሠራች የምትመስል የካናዳ ሥሪት ናት። ይሁንና የምዕራብ ኢትዮጵያ ነሐሴ ደመናው ከተራራው ጋር የሚጋባበት ወር ነው። የበረራ ባለሙያዎች ደህና ሞተር ያለው፣ አብራሪው በእጁ የያዘው አይሮፕላን ሳይታወቀው ከመሬት ጋር የሚጋጭበትን አደጋ ለብቻው ለይተው ያጠኑታል። ከፊት ያለውን ተራራ ከካርታ ጋር እያስተያየ «ውጣ!» ብሎ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ዛሬ በትናንሽ አይሮፕላኖችም ይገኛል። በዚያን ጊዜ ግን የአብራሪው ዋስትና ከፍታ መለኪያው፣ ካርታውና ዓይኑ ነበሩ። ደመናው ዓይኑን ይወስድበታል።

ደመና ሌላም ጉድ አለው። በ1946 ዓ.ም. ገደማ የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን ወስዶ ውጭውን እንዳያዩ አድርጎ አስበረራቸው። ሃያዎቹም አይሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የቆዩት 178 ሴኮንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም! ምክንያቱም ሚዛናችንን የሚጠብቀው የጆሮአችን ውስጠኛ ክፍል አድማስ ካላየን ይዋሸናል። አይሮፕላኑ ወደ ጎን ተጋድሞ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ሳለ ቀጥ ብለን የምንሄድ ይመስለናል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ በሐምሌ 1991 ዓ.ም. ከሚስቱና ከእኅቷ ጋር ባሕር ውስጥ የገባው በዚሁ ምክንያት መሆኑን የአሜሪካ መርማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ሌሊቱና የባሕሩ ጭጋግ አድማሱን ሰውረውበት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ጥናት ዋና ዓላማ ግን ማስፈራራት አልነበረም። ለእነዚያው ሰዎች ጥቂት ሰዓት ሥልጠና ሰጥቶ አንድ ነገር አስተማራቸው፦ ቀስ ብሎ ዞሮ በመጡበት መመለስን።

«አትምጣ» የሚል ሰው

እዚህ ላይ ወደ መንዝና ግሼ እንመለስ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ መኪና ሊደርስባቸው ወዳልቻሉት ደጋዎች እህል የደረሰው ከሰማይ ነበር። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አይሮፕላኖች ራቤልን በመሳሰሉ ሥፍራዎች እስከ መሬት ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያ ይጥሉ ነበር። እነዚህ ትላልቅ አይሮፕላኖች ናቸው፤ ተራራውና ጉሙ ግን ያው ናቸው። አይሮፕላኖቹ እንዲያው በዘፈቀደ አይመጡም። አስቀድሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ሥፍራውን ያያሉ። ሜዳው ላይ የሚቆሙ ሰዎች ሕዝቡን ያርቃሉ፤ ነፋሱንና ደመናውን አይተው ምልክት ይሰጣሉ። በሌላ አነጋገር፣ ረሃብተኛው በዓይን እየታየም ቢሆን «አሁን አትምጣ» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው መሬት ላይ ነበር።

ከላይ ካነሣናቸው ታሪኮች የምንማረው ይህንኑ ይመስለኛል። ስስ አየር፣ ደመናና ተራራ ለዘላለም የሚኖሩ ናቸው። የሚለወጠው ከመነሣት በፊት የሚደረገው ውሳኔ ነው። ለአብራሪው «አይሆንም» የማለት መብት የሚሰጥ አለቃ፣ ቀጠሮው ቢያልፍ የማይቆጣ እንግዳ፣ የአየሩን ጠባይ ሳይደብቅ የሚናገር የሜዳ ሠራተኛ ከየትኛውም ሞተር ይልቅ ሕይወት ያተርፋሉ። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ናት። በዚያ ስምምነት ሥር የወጣው የአደጋ ምርመራ ደንብ የምርመራው ዓላማ ወንጀለኛ መፈለግ ሳይሆን ሁለተኛ አደጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው ይላል። «ቀኑ ደርሶ ነው» ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ቦሌ ያለው መንገድ የሚጠራው በአንድ ሰው ስም ነው። በዚያች አይሮፕላን ውስጥ ግን ሌሎች 15 ሰዎች ነበሩ፤ መንገድ ያልተሰየመላቸው ኢትዮጵያውያንም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ዛሬም ከዚያው ከቦሌ ሜዳ የግል ድርጅቶች ትናንሽ አይሮፕላኖች ሐኪምና መንገደኛ ይዘው በክረምት ይነሣሉ። ከእነርሱ አንዱ ደመና አይቶ ሳይነሣ ቢቀር ወይም ከመንገድ ቢመለስ፣ ሰዓታችን ተቃጠለ ብለን ባናጉረመርም ለእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ አቆምንላቸው ማለት ነው።