ሣቅና ምርምር፤ ስለ አሣቂው ጋዝ ትርኢት አጭር ጥናት

በዘመናችን ሳይንስን በመድረክ ቀልድ ማቅረብ በልዩ ልዩ አገር እየተወደደ ሄዷል። ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረው ብራይት ክለብ ተመራማሪዎች መድረክ ላይ ወጥተው በገዛ ሥራቸው ሕዝብ እንዲያሥቁ አድርጓል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሳይንስን ያቃልላል ወይስ ለሕዝብ ያቀርባል? ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ የቆየ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

በ1799 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በብሪስቶል ከተማ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በራሱና በወዳጆቹ ላይ ሞከረ። የተነፈሱትን ሰዎች ሣቅ ይይዛቸው ስለ ነበር «አሣቂ ጋዝ» ተባለ። ዴቪ በ1800 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጋዙ ሕመምን የሚያጠፋ ስለሚመስል ብዙ ደም በማይፈስበት ቀዶ ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል ጻፈ። ሕዝቡ ግን የያዘው ሣቁን ብቻ ነው። በ1802 ዓ.ም. ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ይሰጥ በነበረው ትምህርት ሲሣለቅ ዴቪን ወናፍ አስይዞ ሣለው። ጋዙም ውሎ አድሮ የመድረክ መዝናኛ ሆነ።

ዲሴምበር 10 ቀን 1844 ዓ.ም. ጋርድነር ኮልተን የተባለ ሰው በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ ይህንኑ ትርኢት አሳየ። ጋዙን ከተነፈሱት አንዱ ሳሙኤል ኩሊ ሲራወጥ እግሩን ተጋጭቶ ቈሰለ፤ ሕመሙ ግን አልተሰማውም። ከተመልካቾቹ መካከል የነበረው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ ይህን አስተዋለ። በማግሥቱ ከኮልተን ጋዙን ተቀብሎ ተነፈሰና በጆን ሪግስ እጅ የራሱን ጥርስ አስነቀለ፤ ይህ ነው የሚባል ሕመምም አልተሰማውም።

ይሁን እንጂ በጃንዋሪ 1845 ዓ.ም. በቦስተን በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት ሲሞክረው ታካሚው ስለ ጮኸ፥ ተሰብሳቢው ዌልስን አታላይ ብሎ አፌዘበት። ዌልስ በ1848 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ ሞተ። ጋዙ በጥርስ ሕክምና እንደገና ሥራ ላይ የዋለው በ1863 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያስጀመረውም ያው ባለ ትርኢቱ ኮልተን ነበር።

እንግዲህ ዴቪ ከጻፈበት እስከ ሃርትፎርዱ ምሽት 44 ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአዳራሽ ሲሣቅ፥ በሐኪም ቤት በሽተኛው እየጮኸ ይቈረጥ ነበር። በሌላ በኩል ዌልስን ከአዳራሹ ያደረሰው ያው የሣቅ ትርኢት መሆኑን መካድ አይቻልም። በቦስተን ያፌዙበት ደግሞ ተራ ሰዎች ሳይሆኑ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የመሣቁ አይደለም፤ ሥቆ ዝም የማለቱ ነው። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የኢግ ኖቤል ሽልማትም አስቀድሞ የሚያሥቅ፥ ቀጥሎ የሚያሳስብ ሥራ መምረጡ ይህንኑ ያስገነዝባል። እኛም ተማሪዎች በቀልደኛው መድረክ ፊት ስንቀመጥ እንሣቅ፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ የቈሰለውን እግር ይመልከት።